ቲቢ ታክሞ ካለቀ በኋላ፦ የተጎዳው ሳንባ የሌላ ባክቴሪያ መስፈሪያ እንዳይሆን

ሁለቱን ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪውን አራት ወር በሪፋምፒሲንና በአይሶናያዚድ ሲጨርሱ የሕክምና ካርድዎ ላይ «ድኗል» ወይም «ሕክምናውን አጠናቋል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የሚነግርዎ ስለ ባክቴሪያው ነው። መድኃኒቱ የቲቢን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ የተበላውን ሳንባ አይመልስም። ስለዚህ ከቲቢ ከዳኑት ብዙዎቹ ሳል፣ አክታና ዳገት ላይ የሚያቋርጥ ትንፋሽ ይዘው ይቀራሉ። ባለሙያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ፣ ስቴለንቦሽ ላይ ተሰብስበው ጉዳዩን «ድኅረ ቲቢ የሳንባ በሽታ» ብለው ፍቺ እስኪያወጡለት ድረስ፣ እንዲህ ያለው ታማሚ አንድ ጊዜ አስም ነው፣ ሌላ ጊዜ ቲቢው ተመልሶበታል እየተባለ ሲመላለስ ኖሯል። አሁንም ብዙ ቦታ የሚታየው ይኸው ነው።

ጉዳቱን በአብዛኛው የሚያደርሰው ባክቴሪያው በራሱ አይደለም። እሱን ሊያጠፉ የሚዘምቱት ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩት ኢንዛይም የሳንባን አካል አያይዞ የያዘውን ክር ይበላል። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የሚበላው ይበዛል። ቲቢው ሲጠፋ ቦታው ላይ ጠባሳ፣ ባዶ ዋሻ፣ ወይም ተለጥጦ የቀረ የአየር ቧንቧ ይተርፋል። ይህ የመጨረሻው ብሮንኬክታሲስ ይባላል። የጤነኛ ቧንቧ ውስጡ በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው፤ ፀጉሮቹም አክታን ቀን ከሌት ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። በተለጠጠው ቧንቧ ውስጥ ግን ፀጉሮቹ ስለሚጎዱ አክታው እዚያው ይተኛል። የተኛ አክታ ላይ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሰፍሩት ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኒሞኮከስና ሞራክሴላ ናቸው። ቆይቶ ሱዶሞናስ ከገባ ነገሩ ይከብዳል፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም፣ አንዴ ከሰፈረም ማስለቀቁ አስቸጋሪ ነው። ሰውነት እነዚህንም ሊያጠፋ ነጭ የደም ሴል ይልካል፣ ኢንዛይሙ ቧንቧውን እንደገና ይበላል፣ ቧንቧው ይበልጥ ይለጠጣል፣ አክታውም ይበልጥ ይተኛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ኮል በ1986 እ.ኤ.አ. «አዙሪት» ብሎ የገለጸው ይህንኑ ነው።

አዙሪቱን ቤት ሆነው ሊሰብሩት የሚችሉበት አንድ ቦታ አለ፤ አክታው እንዳይተኛ ማድረግ። ከዚህ በታች ካለው ሁሉ አንዱን ብቻ የሚሠሩ ከሆነ እሱን ይሥሩ።

መጀመሪያ፣ ምን እንደተረፈ ማወቅ

ሕክምናው ሲያልቅ የደረት ራጅ ይነሡ፤ ፊልሙን ወይም ምስሉን ለራስዎ ያስቀምጡ። የት በኩል፣ የትኛው የሳንባ ክፍል እንደተጎዳ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ኋላ ለአክታ ማውጫው አቀማመጥ ይህ ያስፈልጋል።

ስፓይሮሜትሪ (በመንፋት የሳንባን አቅም የሚለካ መሣሪያ) ያለበት ሆስፒታል ከተገኘ አክታው ከቲቢ ነፃ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ይነፉ። አንድ ጊዜ ከተነፋ በኋላ 4 ፓፍ ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧን የሚከፍት፣ ተረጭቶ የሚሳብ መድኃኒት) ይወሰዳል፣ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይደገማል። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር በጠቅላላ ለወጣው ሲካፈል ከ0.70 በታች ከሆነ የአየር ቧንቧው ጠብቧል ማለት ነው። ውጤቱን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከ6 ሰከንድ በፊት መንፋት ማቆምና በከንፈር ዳር አየር ማሾለክ።

መሣሪያው ከሌለ ወንበር ይበቃል። መደገፊያ ክንድ የሌለው፣ ቁመቱ 46 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ወንበር ከግድግዳ አስጠግተው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነሥተው እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉና በየሦስት ወሩ ይድገሙት። ቁጥሩን ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር ጥቅም የለውም፤ የሚወዳደረው ካለፈው የራስዎ ቁጥር ጋር ነው። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካለ፣ ከመጀመርዎ በፊት ከነበረው በ4 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪም ይንገሩ።

አክታን ማውጣት

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከእራት በፊት ይሥሩት። ምግብ ከበሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይለፍ፤ አለበለዚያ ያስመልሳል፣ ትውከቱ ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ አዲስ የሳንባ ምች ይዞ ይመጣል። ቀደም ብለው አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ይጠጡ። ፓፍ የታዘዘልዎ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስቀድመው ይውሰዱት። ቦታው ደጅ፣ ካልሆነም መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ይሁን፤ ልጆች አጠገብዎ አይሁኑ። ክዳን ያለው ዕቃ ያዘጋጁ። ሲጨርሱ በረኪና ጨምረው ያቆዩትና ሽንት ቤት ይድፉት።

1. ትከሻዎን ዘና አድርገው፣ እጅዎን ሆድዎ ላይ አኑረው፣ ለ1 ደቂቃ ያህል በቀስታ ይተንፍሱ። የሚንቀሳቀሰው ደረት ሳይሆን ሆድ ይሁን።
2. በአፍንጫዎ በጥልቀት ይሳቡ፣ 3 ሰከንድ ያዙት፣ ሳይገፉ ይልቀቁት። 3 ወይም 4 ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ያዞራል። መያዙ የሚጠቅመው አየሩ ከአክታው ጀርባ እንዲገባ ነው።
3. እንደገና ወደ ቀስታው ትንፋሽ ይመለሱ።
4. መካከለኛ ትንፋሽ ስበው፣ አፍዎን ከፍተው፣ መስታወት ሊወለውሉ እንደሚያደርጉት «ሃ» ብለው ረዘም አድርገው ያውጡ። ይህ ከታች ያለውን አክታ ወደ ላይ ያነሣል። አክታው ቀርቦ ሲንኮራኮር ሲሰማዎ በሙሉ ትንፋሽ አጠር ያለ «ሃ» ያድርጉ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ስለው ይትፉት።
5. ከ1 ጀምረው ይድገሙ። ሁለት ተከታታይ ዙር ደረቅ ሲሆን ያቁሙ። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል።

በጣም የተለመደው ስህተት በኃይል መሳል ነው። ጉሮሮ ተዘግቶ ሲፈነዳ የሚመጣው ኃይለኛ ሳል የላላውን ቧንቧ ጨፍልቆ ይዘጋዋል፣ አክታው ከኋላ ይቀራል፣ ሰውየው ደክሞ ይተወዋል። «ሃ» ጉሮሮን ስለማይዘጋ ነው የሚመረጠው። ሲሠሩት ሲር ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማ በጣም ገፍተዋል ማለት ነው፤ ቀስታውን ትንፋሽ ያራዝሙ።

አቀማመጡ እንደ ጉዳቱ ቦታ ይለያያል። ቲቢ የሚያዘወትረው የሳንባን የላይኛውን ክፍል ነው፤ የላይኛው ክፍል ደግሞ የሚፈስሰው ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ነው። የተጎዳው የፊቱ ከሆነ ትንሽ ወደ ኋላ ይንጋለሉ፤ የጀርባው ከሆነ ትራስ አቅፈው ወደ ፊት ይደፉ። የታችኛው ክፍል ላይኛው ጫፍ ከሆነ ትራስ ሆድዎ ሥር አድርገው በደረትዎ ይተኙ። የታችኛው ጎን ከሆነ የታመመው ጎን ወደ ላይ ሆኖ በጎን ይተኛል። በአንዱ አቀማመጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆዩ። ከአልጋ ጠርዝ ጭንቅላትን ዘቅዝቆ መንጠልጠል በድሮ መመሪያዎች አለ፤ ቃር ላለበት፣ የደም ግፊት ላለበትና ትንፋሽ ለሚያጥረው ግን ጉዳቱ ያመዝናል፤ ያለ ባለሙያ አይሞክሩት።

የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት አፍንጫን ቢከፍትም ታች ያለውን አክታ አያወጣም። በተለይ ልጆች አጠገብ የፈላ ድስት ይዞ መታጠን ቃጠሎ ያስከትላል። ውኃ መጠጣትና በእግር መሄድ ይበልጡታል።

የውኃ ጠርሙሱ ዘዴ

አክታው ወፍራም ሆኖ «ሃ» ብቻውን ካልበቃ ውኃ ውስጥ መንፋት ይረዳል። ውኃው ትንፋሹን በመጠኑ ስለሚመልሰው ቧንቧዎቹ ተከፍተው ይቆያሉ፤ የአረፋው መንቀጥቀጥም አክታውን ያላቅቃል። የሚያስፈልገው የ1 ወይም የ2 ሊትር ሃይላንድና የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት ከ8 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ርዝመቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ውኃውን በማስመሪያ ለክተው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሙሉ፣ ቱቦውን እስከ ታች ይክተቱ። በአፍንጫ ስበው በቱቦው ከ3 እስከ 4 ሰከንድ አረፋው ሳይቋረጥ ይንፉ። 10 ጊዜ ያህል ነፍተው 2 ወይም 3 ጊዜ «ሃ» ይበሉ፤ ይህንኑ ለ15 ደቂቃ ይደጋግሙት።

ይህ ነገር የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ። የመጠጥ ስትሮ የሚጠቀሙ አሉ፤ ጠባብ ቱቦ ግፊቱን ከታሰበው በላይ ያደርገዋል። የጠርሙሱን አፍ ቱቦው ዙሪያ ማሸግም እንዲሁ፤ አየሩ መውጫ ሊኖረው ይገባል። ከሁሉ የከፋው ግን ያንኑ ውኃ ለነገ ማስቀመጥ ነው። ሱዶሞናስ የሚወደው የቆመ ውኃ ነው፤ ሊሸሹት የነበረውን ባክቴሪያ አፍዎ ድረስ ያመጡታል። በየጊዜው ንጹሕ ውኃ ይሙሉ፣ ሲጨርሱ በሳሙና አጥበው አፉን ደፍተው ያድርቁ፣ ጠርሙሱን በየሳምንቱ ይለውጡ። ደም የሚተፋ ሰው፣ ወይም በቅርቡ አየር በሳንባው ዙሪያ ፈስሶበት የነበረ ሰው ይህን ዘዴ አይጠቀምበትም።

ፓፍ የታዘዘለት ሰው

ፓፉን አፍ ላይ ቀጥታ የሚረጭ ሰው ብዙውን መድኃኒት ጉሮሮው ላይ ያስቀረዋል። በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው መቀበያ (ስፔሰር) መግዣው ከጠፋ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይተካዋል። የጠርሙሱን ቂጥ በጋለ ሽቦ ልክ በፓፉ አፍ ቅርጽ ይብሱና ፓፉን ይሰኩበት፤ ዳሩ አየር አያሹልክ። ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት በሳሙና ውኃ ይዘፍዝፉት፣ ሳይጠርጉ በአየር ያድርቁት። በጨርቅ ከተጠረገ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ፓፉን ነቅንቀው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፣ ወዲያውኑ በጠርሙሱ አፍ በቀስታ ስበው 10 ሰከንድ ይያዙ። ለሁለተኛው ፓፍ እንደገና ነቅንቀው ይጀምሩ። ሁለቱን አንድ ላይ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው።

የሚሳብ ስቴሮይድ ከታዘዘልዎ ለምን እንደታዘዘ ይጠይቁ። አስም ካለ ተገቢ ነው። አስም በሌለበት፣ ባክቴሪያ በሰፈረበት ሳንባ ላይ ግን የሳንባ ምችን ዕድል ይጨምራል። «ለትንፋሽ» ተብሎ በየመድኃኒት ቤቱ የሚወጋ ዴክሳሜታዞንና የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎንማ ቀናት ያቀልልና የተኛ ቲቢን ሊቀሰቅስ ይችላል።

አክታው ሲለወጥ፦ ሌላ ባክቴሪያ ነው ወይስ ቲቢ?

አክታዎን በየጠዋቱ በቀን ብርሃን ያስተውሉ። አረንጓዴው ቀለም ከነጭ የደም ሴሎች ኢንዛይም እንጂ ከባክቴሪያው አይመጣም። ብሮንኬክታሲስ ያለበት ሰው ደህና በሆነበት ቀንም ቢጫ አክታ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «አረንጓዴ ነው፣ አንቲባዮቲክ ስጡኝ» የሚለው አይሠራም። ጥያቄው ከተለመደው ተለውጧል ወይ ነው። ከነዚህ ስድስት ውስጥ ሦስቱ ተባብሰው 48 ሰዓት ከቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚኬድበት ጊዜ ነው፦ ሳሉ፣ የአክታው ብዛት ወይም ውፍረት፣ የመግሉ ቀለም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድካም፣ ደም።

አክታ ይስጡ፤ የሚሰጠውም ከአንቲባዮቲኩ በፊት ነው። አፍዎን በውኃ ብቻ ይጉመጥመጡ፣ የአክታ ማውጫውን ዙር ሠርተው ከደረት የመጣውን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይትፉ። ምራቅ ከሆነ ላቦራቶሪው ወይ ይመልሰዋል ወይ ባዶ ውጤት ይሰጣል። ለተራ ባክቴሪያ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ብሮንኬክታሲስ ላይ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ በአብዛኛው ለ14 ቀን ነው። ቧንቧቸው ያልተለጠጠ፣ በጭስ ወይም በሲጋራ ብቻ ለታመሙ የሚሰጠው ግን ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። የጎረቤትን የመድኃኒት ቆይታ መኮረጅ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንንገር። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሊቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን የቲቢን ባክቴሪያም በከፊል ይመታሉ። ቲቢው ተመልሶ ከሆነ ሳሉ ለሳምንታት ይቀልልና ምርመራው ይዘገያል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምዳል። ሊቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚታከምባቸው ዋና መድኃኒቶች መካከል ናቸውና ኪሳራው ድርብ ነው። ቲቢ አለመኖሩ ሳይጣራ ከመድኃኒት ቤት እነዚህን ገዝተው አይዋጡ። ሱዶሞናስ ተገኝቶ ሐኪም ሲፕሮ ቢያዝ ነገሩ ሌላ ነው።

ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ ደግሞ ቲቢ እንደገና ይመርመር። እዚህ ላይ «ከዚህ በፊት ታክሜያለሁ፣ የጨረስኩት በዚህ ወር ነው» ብሎ መናገር ውጤቱን ይለውጣል። ጂንኤክስፐርት የተባለው የቲቢ መመርመሪያ የሚያነበው የባክቴሪያውን ዘረ መል ስለሆነ የሞተውንም ያገኛል፤ ታክሞ የዳነ ሰው ላይ ከቆይታ በኋላም «አለ» ሊል ይችላል፤ በተለይ «ትሬስ» (እጅግ ጥቂት) የሚለው ንባብ። ሕያው መሆኑን የሚለየው ካልቸር ነው። በተቃራኒው በማይክሮስኮፕ «ፖዘቲቭ»፣ በጂንኤክስፐርት «ኔጋቲቭ» ከተባለ ከአፈርና ከውኃ የሚመጡት የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ሳይጣራ የስድስት ወሩን መድኃኒት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የወሰዱ ሰዎች አሉ።

በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚያገረሽበት ሰው ሐኪሞች በሳምንት 3 ቀን አዚትሮማይሲን ለረጅም ጊዜ ሊያዝዙ ይችላሉ። ከመጀመሩ በፊት እነዚያው የቲቢ ዘመዶች አለመኖራቸው በካልቸር ይታይ፣ የልብ ኢሲጂ ይነሣ፣ የመስማት ችግር ካለ ይነገር።

ደም

አክታ ላይ የደም ክር ማየት በተለጠጠ ቧንቧ የተለመደ ነው፤ በዚያው ሳምንት መታየት ግን አለበት። በአሮጌው ዋሻ ውስጥ የፈንገስ ኳስ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ደም ስኒ የሚሞላ ከሆነ፣ ወይም እየደጋገመ ከመጣ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ደሙ የሚመጣው ከፍተኛ ግፊት ካላቸው የቧንቧ ደም ሥሮች ስለሆነ በድንገት ሊበዛ ይችላል። እስኪደርሱ ድረስ የታመመው ጎን ወደ ታች ሆኖ በጎን ይተኙ፤ ደሙ ወደ ጤነኛው ሳንባ እንዳይፈስ ነው። ለአክታ ከሚተኙበት ተቃራኒ መሆኑን ልብ ይበሉ። አክታ ማውጫውን ያቁሙ፣ አስፕሪን አይዋጡ።

ጭስና ክትባት

ጭስ ቀሪዎቹን ፀጉሮች ያደነዝዛል። የተጎዳ ሳንባ ያለበት ሰው እንጀራ ጋገራውን ለሌላ ሰው ቢተው ይሻላል። ካልተቻለ ደረቅ እንጨት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃና ደጅ። ከሰልና ዕጣን በተዘጋ ቤት፣ ሲጋራና ሺሻ ደግሞ የትም አይሁኑ። የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮከስ ክትባት የሚገኝበት ቦታ ካሉ ይከተቡ። የልጆች መንገድ ቀላል ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ኒሞኮከስንና የሄሞፊለስን «ቢ» ዓይነት፣ በ9 ወር የሚጀምረው ኩፍኝን ይከላከላሉ። በልጅነት የሚይዝ ከባድ የሳንባ ምችና ኩፍኝ ሳንባን ለዕድሜ ልክ ሊጎዱ ይችላሉ።

ወረቀቱን መያዝ

የሕክምና ካርዱን፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ የ2ኛውን፣ የ5ኛውንና የ6ኛውን ወር የአክታ ውጤት፣ ከሕክምናው በኋላ የተነሡትን ራጅ አንድ ቦታ ያኑሩ። አዲስ ራጅ ላይ የታየው ጠባሳ የቆየ መሆኑን የሚያሳየው የቀድሞው ፊልም ነው። ለአሜሪካ ቪዛ በሚደረገው ምርመራ ራጁ ላይ ለቲቢ የሚያጠራጥር ምልክት ከታየ ሦስት አክታ በተከታታይ ቀናት ይወሰዳል፤ ካልቸሩም እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል የጉዞ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ያስሉ። ወደ ገልፍ አገራት ለሥራ የሚሄድ ሰው ደግሞ የዳነ ጠባሳ ብቻውን ሊያስከለክለው ስለሚችል፣ ለደላላም ሆነ ለኤጀንሲ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በራሱ ራጅ ቢነሣ ይሻለዋል።